የስፖኪዮ ሽፋን ፎርማ በጓሮ፦ ለካርቦን ፋይበር ሥራ ዝርዝር መመሪያ

የካርቦን ፋይበር ጨርቅን በሬዚን (ማጠንከሪያ ሲገባበት በሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ) ነክሮ ማጠንከር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያንን ጨርቅ የሚቀበለውን ፎርማ መሥራት ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዕቃው ማማር አለማማሩ የሚወሰነው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ውድ ጨርቅ ከውጭ አስመጥተው በችኮላ በተሠራ ፎርማ ላይ ያበላሹ ወጣቶችን አይቻለሁ፤ እጃቸው ጎበዝ ነበር፣ የጎደላቸው ትዕግሥት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጨርቁ ጥቂት፣ ስለ ፎርማው ብዙ ይናገራል።

ለምሳሌ የወሰድኩት የቶዮታ ቪትዝን የስፖኪዮ ሽፋን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቪትዝ የማያልፍበት መንገድ የለም። ሽፋኑ ትንሽ ስለሆነ ቢበላሽ የሚባክነው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ቢሰበርም ሰው አይጎዳም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ኮፈን በጉዞ ላይ ከመቆለፊያው ቢላቀቅ መስታወቱን መትቶ የሾፌሩን እይታ ይጋርዳል፤ ከፓራውልት ጀርባ ያለው ብረት ግጭት እንዲቀበል ተሰልቶ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል፣ እንዲሁም መሪንና የመቀመጫ ቀበቶ የሚታሰርበትን ማንኛውንም ነገር በጓሮ አትሥሩ።

ፎርማ ስንል

ጫማ ሠሪ ፎርማ የሚለው ቆዳው የሚወጠርበትን እንጨት ነው። የእኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጎድጓዳ ነው፣ ዕቃው የሚሠራው በሆዱ ውስጥ ነው። ከመኪናው የወጣውን ዋና ሽፋን «አብነት» እለዋለሁ። ከአብነቱ ላይ በፋይበር ግላስ የሚወሰደው ግልባጭ ፎርማ ነው፤ በፎርማው ሆድ የሚሠራው ካርቦን ደግሞ የአብነቱ መንታ ሆኖ ይወጣል። መንታ መሆኑን ከወዲሁ አስቡበት። የውጭ ልኩ ከዋናው ጋር አንድ ስለሆነ በዋናው ላይ እንደ ቆብ አይጠለቅም፤ ዋናው ወጥቶ በቦታው ይገባል።

አንጥረኞቻችን ፎርማን ከጥንት ያውቁታል። ጌጡን በሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው ካፈሰሱ በኋላ በቦታው ወርቅ ይጨምራሉ፤ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ዕድሜውን የሚሰጥለት «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። አንጥረኛው ግን ጭቃውን ሰብሮ ወርቁን ያወጣል። እኛ ፎርማውን ሳንሰብር ደጋግመን ዕቃ ማውጣት አለብን፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይወጣል ወይስ ይነከሳል?» የሚለው ነው።

ሽፋኑን ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ በአንድ ዓይን ቀጥ ብላችሁ ከላይ እዩት። ጎኖቹ በሙሉ ከታዩ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ውጭ ካጋደሉ፣ ባለ አንድ ክፍል ፎርማ ይበቃል። ከላይ የማይታይ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ካለ ግን ፎርማው በዚያ በኩል ይነክሰዋል፤ ያን ጊዜ ለሁለት የሚከፈል ፎርማ ያስፈልጋል። የቪትዝ ሽፋን እንደ ሞዴሉ ዓመት ይለያያልና በእጃችሁ ያለውን ራሳችሁ መርምሩ።

ጊዜና ቦታ

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ጥሩ ከተማ ናት፤ ወሩን ከመረጣችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከጣና የሚነሳው እርጥበት ፎርማው የሚሠራበት የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፣ በሰሙ ላይ የሚቀባው የውሃ ልባስ (ፒቪኤ) አልደርቅ ይላል፣ ካርቦኑ በሚነከርበት ሬዚን፣ በኤፖክሲው ላይም ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይወጣል። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ደረቅ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለፎርማው የምንጠቀምበት ፖሊስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። እኔ የምመርጠው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወደ 30 ስለሚጠጋ ጄልኮት (የፎርማው ቆዳ የሚሆነው ወፍራም ሬዚን) በጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀባል።

ቦታው ጥላ ያለውና ነፋስ የሚተላለፍበት ይሁን፤ ከመኝታ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ግን አይሁን። ከፖሊስተር ሬዚን የሚወጣው ስታይሪን የሚባለው ትነት ራስ ያሳምማል፣ እሳትም ይይዛል። በግቢያችን የቡና ከሰል የማይቀጣጠልበት ቀን የለምና ለቤተሰቡ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሬዚን በተከፈተበት ቀን ምድጃው ግቢው ውስጥ አይነድም። የጨርቅ የአፍ መሸፈኛ ትነትን አያግድም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የላስቲክ ጓንት ያስፈልጋሉ። የፖሊስተር ማጠንከሪያው ፔሮክሳይድ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ ልታሳውር ትችላለች። ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይኬዳል። ስለዚህ ባልዲ ሙሉ ንጹሕ ውሃና ጣሳ ከጎናችሁ ሳታኖሩ ጠርሙሱን አትክፈቱ።

አብነቱን ማዘጋጀት

ሽፋኑን ከመኪናው አውጥታችሁ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቡ። በመኪና ማጠቢያ የሚቀባው ማብረቂያ ሲሊኮን ስላለበት የፎርማው ሰም እንዳይይዝ ያደርጋል። ፕላስቲኩ ስስ ነው፤ በእጅ ስትጫኑት ይረግባል። እንዳይረግብ ጀርባውን በጄሶ ሙሉትና ሁለት ሦስት ቀን አድርቁት። ጣሳ ውስጥ የሚመጣ፣ የሚነፋ አረፋ አትጠቀሙ፤ ሲያብጥ ቅርጹን ይገፋዋል።

ጭረት ካለበት በስቱኮ ሞልታችሁ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፦ መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 800፣ 1,000፣ 1,500፣ መጨረሻ 2,000 ቁጥር። አንዱ ቁጥር ያስቀመጠው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ። አቅጣጫን ማቀያየር ይረዳል፤ በ400 በቁመት ከፈገፈጋችሁ በ800 በወርድ ፈግፍጉ፤ የቀረው የቁመት ጭረት ያን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። በመጨረሻ በማወልወያ ቅባት አብረቅርቁት። በእጅ የማይሰማ ጭረት በካርቦኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። የመስኮት ፍሬም ነጸብራቅ በአብነቱ ላይ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ከታያችሁ ዝግጁ ነው።

እንደገና ቀለም ካስቀባችሁት ቀለሙ ማጠንከሪያ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ሳምንትም ይቆይ። በቲነር ብቻ የሚቀጥን ቀለም ስታይሪን ሲነካው ይሸበሸባል። ጥርጣሬ ካለ በማይታይ ጥግ ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል ጄልኮት ቀብታችሁ ሞክሩ።

ከንፈሩ

አብነቱን ፎርማይካ በተለጠፈበት ችፑድ ሰሌዳ ላይ አቁሙት፤ ፎርማይካው ለስላሳ ስለሆነ የፎርማው ከንፈር ዝግጁ ሆኖ ይወጣል። ከንፈሩ በዙሪያው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ በኋላ ካርቦኑን የሚሸፍነውን ላስቲክ የምንለጥፈው በእሱ ላይ ነው። በአብነቱ ጠርዝና በሰሌዳው መካከል ያለውን ክፍተት ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሊን ሙሉና በጠፍጣፋ ፕላስቲክ አስተካክሉት። ፕላስቲሊኑ ከጠርዙ በላይ ከወጣ ዕቃው ያጥራል፤ ጎድጎድ ካለ ደግሞ ሬዚኑ ገብቶ ፎርማው አብነቱን ይይዘዋል። አንድ ሰዓት ቢፈጅም በዚህ መስመር ላይ አትቸኩሉ።

ፎርማው ለሁለት የሚከፈል ከሆነ በመክፈያው መስመር ላይ ከስስ ፕላስቲክ የተቆረጠ ግድግዳ በፕላስቲሊን አቁሙና መጀመሪያ አንዱን ወገን ብቻ ሥሩ። እሱ ሲጠነክር ግድግዳውን አንሱ፣ የተሠራውን ወገን የመጋጠሚያ ከንፈር ሰም ቀቡ፣ ሁለተኛውን ወገን በእሱ ላይ አስደግፋችሁ ሥሩ። የብሎን ቀዳዳዎቹ የሚበሱት ሁለቱ ከመላቀቃቸው በፊት ነው፤ ከተላቀቁ በኋላ ከበሳችሁ መጋጠሚያው በፍጹም በልኩ አይገጥምም።

ሰም

የመጀመሪያውን ፎርማ ስሠራ የፎርማ ሰም አጥቼ ከገበያ የገዛሁትን የንብ ሰም ቀባሁ። የጎጃም ሰም ለጧፍ የተመሰገነ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ሬዚን ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ወፍራም በሆነበት ቦታ ከዚያ ያልፋል። ሰሙ ቀልጦ ሸሸ፣ ፎርማውና አብነቱ አንድ አካል ሆኑ፣ ሁለቱንም በመጋዝ ቆርጬ ጣልኳቸው። ለፎርማ ተብሎ የተዘጋጀው ጠጣር ሰም ከአዲስ አበባ ቢመጣም መጠበቁ ይሻላል።

አሠራሩ ይህ ነው። በጥጥ ጨርቅ በስሱ፣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ቀቡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ አብሱ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ይህን ለአዲስ አብነት ስድስት ጊዜ ድገሙት፤ ከመጨረሻው በኋላ ሌሊቱን አሳድሩት። ወፍራም አንድ ቅብ ስስ ስድስት ቅብን አይተካም፤ ወፍራሙ ከላይ ደርቆ ከሥር ለስላሳ ይቀራል። ከንፈሩንና የፕላስቲሊኑን መስመር እንዳትዘነጉ።

በሰሙ ላይ ፒቪኤ የሚባለውን በውሃ የሚሟሟ ፈሳሽ በመርጫ ወይም በለስላሳ ስፖንጅ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ። ሲደርቅ ስስ ላስቲክ ይሆናል፤ ለጀማሪ ከመጣበቅ የሚያድነው ዋስትና እሱ ነው። በደረቅ ወር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ጄልኮት

ጄልኮት የፎርማው ቆዳ ነው። ለፎርማ የተዘጋጀው ዓይነት ከተራው ይልቅ ጠንካራና ሙቀት የሚችል ነው። ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከስስ ቅብ በላይ የሚመጣው ሬዚን ጄልኮቱን ሥር ሥሩን በልቶ እንደ አዞ ቆዳ ይሸበሽበዋል፤ የወፈረ ደግሞ ይሰነጠቃል።

የአንድ ስፖኪዮ ፎርማ ከነከንፈሩ ስፋቱ 0.15 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 130 ግራም ጄልኮት ይበቃዋል። በሁለት ከፍላችሁ 65 ግራም፣ 65 ግራም በዲጂታል ሚዛን መዝኑ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ማጠንከሪያው ከመቶ ሁለት እጅ ነው፤ ለ65 ግራም 1.3 ግራም ማለት ነው። ሙቀቱ ከፍ ካለ ወደ አንድ ተኩል መቀነስ ይቻላል፤ ከአንድ በታች ግን አይወረድም። እንዲህ ያለውን ጥቂት መጠን በሲሪንጅ መለካት ይቀላል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው የአምራቹ መመሪያ ግን ከእኔ ቁጥር ይቀድማል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ሬዚን ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ሳይጨመርበት ይሸጣል። ኮባልቱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሐዳል፤ ማጠንከሪያው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኮባልትና ማጠንከሪያ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ እንኳን አታስቀምጡ።

የመጀመሪያውን ቅብ በለስላሳ ብሩሽ ሳትጎትቱ፣ እየጣላችሁ ቀቡ። ጣት ስታሳርፉበት የሚያጣብቅ ሆኖ ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ሁለተኛውን ቀቡ። ሁለተኛውም እዚያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ ምንጣፉ ይታለፋል።

ፋይበር ግላሱ

ምንጣፉን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሬዚን ከተበጠበጠ በኋላ መቀስ መፈለግ ሥራ ያበላሻል። ሹል ማዕዘኖችን የተበጣጠሰ ፋይበር በተቀላቀለበት ጄልኮት አስቀድማችሁ ሙሏቸው፤ ምንጣፍ ሹል ማዕዘን ውስጥ አይታጠፍም፣ ከሥሩ አየር ይቀራል፣ ያ አየር ወደፊት ጄልኮቱ የሚሰበርበት ጉድጓድ ይሆናል።

የመጀመሪያው ድርብ ስስ ምንጣፍ ነው፤ በካሬ ሜትር 225 ወይም 300 ግራም የሚመዝነው። ሬዚን በብሩሽ እየጨቆናችሁ ነጩ ሁሉ እስኪጠፋ አጥግቡት፣ በጥርሳም ትንሽ ሮለር አየሩን አስወጡት። ይህን ድርብ ብቻውን እንዲጠነክር ተዉት። በማግስቱ በባትሪ ብርሃን መርምሩት፤ ነጭ የአየር ነቁጥ ካያችሁ በቢላ ክፈቱና ሙሉት። ከዚያ ባለ 450 ግራሙን ምንጣፍ ሁለት ሁለት ድርብ እያደረጋችሁ አምስት ድርብ አድርሱት፤ እያንዳንዱ ድርብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰጥ ፎርማው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሬዚኑ ክብደት ከምንጣፉ ሁለት እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ሁሉንም ድርብ በአንድ ቀን የምትጭኑ ከሆነ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፖሊስተር ሲጠነክር በተፈጥሮው ስለሚሸማቀቅም ፎርማው ይጣመማል።

በጣሳ ውስጥ የተረፈ ሬዚን በራሱ ግሎ ሊያጨስ ይችላል። በሰፊ ላስቲክ ላይ በስሱ አፍስሳችሁ አጠንክሩትና እንደ ደረቅ ቆሻሻ አስወግዱት። ብሩሽ የታጠበበትን አሴቶንም ሆነ ሬዚንን ወደ ቦይ አትድፉ፤ የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፣ ከዚያ ውሃ ዓሣ ይበላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ይጠጣል።

መጠበቅ፣ ከዚያም መለያየት

በማግስቱ ፎርማው ጠንክሮ ይታያል፤ አላለቀም። አንድ ሳምንት አብነቱ ላይ እንዳለ ተዉት። ከቻላችሁ በመጨረሻው ቀን በጥቁር ላስቲክ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ለጥቂት ሰዓታት ጠብቁት። ከዚያ በላይ ካለፈ ፕላስቲሊኑ ይለሰልሳል። በደንብ ያልጠነከረ ፖሊስተር ውስጡ ስታይሪን ስለሚቀረው ኤፖክሲው ይጣበቅበታል።

ለማላቀቅ ጠመንጃ መፍቻ አትጠቀሙ። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተጠረቡ ሽብልቆች በከንፈሩ ዙሪያ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ ይገቡ። ክፍተት ሲፈጠር ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት፤ ፒቪኤው ይሟሟል። በጎማ መዶሻ ጀርባውን ቀስ እያላችሁ ምቱት። የመላቀቅ ድምፁን አንዴ ከሰማችሁ በኋላ ታውቁታላችሁ። ሆዱን በውሃ አጥባችሁ ከ1,000 እስከ 2,000 ቁጥር በውሃ ፈግፍጉና አወልውሉ፤ ከዚያ የሰሙን ሥራ ስድስቱንም ቅብ እንደ አዲስ ድገሙት።

የመጀመሪያው ካርቦን

ጨርቁ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው፣ ሰያፍ ጥለት ያለው ይሁን፤ ሰያፉ ከተራው ሽመና ይልቅ ለጠመዝማዛ ቅርጽ ይታዘዛል። አራት ድርብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰጣል። የጣና ታንኳ ሠሪ ደንገሉን በቁመቱ አሰልፎ ያስራል፤ በዚያ አቅጣጫ ጭነት ይሸከማል፣ በወርዱ ግን ማሰሪያው ነው የሚይዘው። ካርቦንም እንዲሁ ጥንካሬው በክሩ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ከአራቱ ድርብ መካከለኞቹን ሁለቱን 45 ዲግሪ አዙራችሁ አስቀምጡ።

ለካርቦን ኤፖክሲ ተጠቀሙ። የኤፖክሲ ማጠንከሪያ እንደ ፖሊስተሩ አይጨመርም አይቀነስም፤ አምራቹ 100 ለ30 ካለ 100 ለ30 ነው፣ በሚዛን። መጀመሪያ ፎርማውን በስሱ ቀቡና ማጣበቅ ሲጀምር ጨርቁን አስቀምጡ፤ ጥለቱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ጫፎቹ እንዳይተረተሩ ከመቁረጣችሁ በፊት የወረቀት ፕላስተር ለጥፉባቸው።

ድርቦቹ ሲያልቁ ተላጭ ናይሎን ጨርቅ፣ ቀዳዳ ያለው ስስ ላስቲክ፣ ትርፍ ሬዚን የሚጠጣ ወፍራም ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ከንፈሩ ላይ በሚጣበቅ ፕላስተር የሚታሸግ ወፍራም ላስቲክ ይደረባሉ። ከላስቲኩ ሥር ያለውን አየር ለመሳብ የአሮጌ ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ይሠራል፤ ሬዚን እንዳይገባበት በመካከል ባዶ ጠርሙስ ይደረጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ አገሮች በተዘጋጁ መመሪያዎች ላይ የአየር መሳቢያው መለኪያ ወደ 1 ባር እንዲጠጋ ይጻፋል፤ እዚህ 0.8 ላይ ከቆመ ማኅተሙ ጤነኛ ነው፣ ቀዳዳ ፍለጋ ላስቲኩን አትፍቱ። መብራት ሲጠፋ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ከቱቦው ላይ መዝጊያ ቧንቧ ግጠሙ። 24 ሰዓት ይቆይ።

ሲወጣ ጠርዙን ቁረጡ፣ በውሃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በደረቁ ከተፈገፈገ የመፈግፈጊያ ሞተር ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል፣ ሳንባንም ይጎዳል። ኤፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናልና የላይኛው ቅብ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቫርኒሽ ይሁን። መያዣ ጥርሶቹን ከተሰበረ አሮጌ ሽፋን ቆርጣችሁ፣ ሁለቱንም ገጽ አሻክራችሁ፣ መኪናው ላይ ልክ መግባቱን እያያችሁ በኤፖክሲ ለጥፏቸው።

ፎርማውን ሰም ቀብታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጠፍጣፋ ቦታ አኑሩት። የግራው ስፖኪዮ የቀኙ ግልባጭ ነው፤ ከቀኙ ፎርማ ግራ አይወጣም። ጥንዱን የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱን አብነቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ ፍግፈጋውም ሰሙም ጄልኮቱም በአንድ ጊዜ ያልቃል።